ከሱዙኪዬ ጋር ያስታረቀኝ መሪ

በፍራንክፈርት ማይንሰር ላንትሽትራሰ ላይ ያሉትን የትራፊክ መብራቶች በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ አውቶቡስ ነጂ ነኝ። አውቶቡስ ላይ ሆኜ ቀይ ሲበራ ደስ ይለኛል፤ ውኃዬን እጎነጫለሁ። ሞተር ሳይክሌን በገዛሁ ሰሞን ግን ቀይ መብራት የእጅ ማስታመሚያ ሆነ። ግራ እጄን አነሳና አራግፋለሁ፤ ከዚያ ቀኙን፤ ከዚያ አንገቴን ወደ ኋላ እለጥጣለሁ። አንድ ቀን በጎኔ የቆመ መኪና ውስጥ ያለች ሴትዮ ሰላም ያልኳት መስሏት እጇን አውለበለበችልኝ። ነውር እንዳይሆንብኝ እጅ ነሳሁ። ጎንበስ ማለት እንኳ አላስፈለገኝም፤ ቀድሞውንም ጎንብሻለሁ።

ሞተር ሳይክሏ ሱዙኪ ኤስቪ 650 ኤስ ናት፣ የ2005 ስሪት፣ ከእኔ በፊት ሁለት ሰው የነዳት። ሁለት ሲሊንደሮቿ በ90 ዲግሪ ተከፍተው የተቀመጡ፣ 645 ሲሲ፣ ከ70 ፈረስ ጉልበት ትንሽ ከፍ የምትል። ሱዙኪ ይህችን ሞዴል በሁለት መልክ ነበር የሚሸጣት። አንደኛዋ ሽፋን የሌላት፣ መሪዋም እንደ ብስክሌት አንድ ወጥ ቧንቧ የሆነ። ሁለተኛዋ ስሟ ላይ «ኤስ» የተጨመረባት፣ ፊቷ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ መሪዋ ለሁለት ተከፍሎ ዝቅ ያለ፣ መርገጫዋም ወደ ኋላና ወደ ላይ የተሰቀለ። ሞተራቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በአቀማመጥ ነው። እኔ «ኤስ»ዋን የገዛሁት በዓይኔ ነው፤ ወገቤን አላማከርኩም።

ወገቤ ደግሞ 47 ዓመቱ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ84፤ ቀኝ ጉልበቴ ደብረ ብርሃን ኳስ ስጫወት ተጎድቶ በወጉ ያልዳነ። ሞተር ሳይክል የለመድኩት በአባቴ ነው። ግብርና ቢሮ ይሠራ ስለነበር ያማሃ ኤጂ 100 ተሰጥቶት ነበር፤ ያቺ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ ያላት፣ ለጭቃና ለገጠር መንገድ የተሠራች። አባቴ እሷ ላይ የሚቀመጠው በቅሎ ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ነበር፤ ጀርባው ቀጥ፣ ክንዱ ዘና። በእኔ ልብ ውስጥ ሞተር መንዳት ማለት ያ ነው። ሱዙኪዋ ላይ ስወጣ ግን ጠፍቶበት መሬት መሬቱን የሚፈልግ ሰው መሰልኩ።

ስፖርት ሞተር ሳይክል እንዲህ የሚሠራው ለክፋት አይደለም። በፍጥነት ሲሄዱ ከፊት የሚመጣው ነፋስ ደረትን ይደግፋል፤ ስለዚህ የላይኛው አካል ክብደት ከእጅ ላይ ይነሳል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ላይ እጄን ምንም አያመኝም ነበር። ከተማ ውስጥ በ30 እና በ50 ሲሄዱ ነው ጣጣው። ነፋሱ የለም፤ የደረትህንና የራስህን ክብደት፣ የሄልሜቱንም ጨምሮ፣ የሚሸከመው የእጅህ አንጓ ነው። እኔ ደግሞ ከሳምንቱ አምስቱን ቀን በዚህ ፍጥነት ወደ ሥራ ነው የምሄደው። ከሁለት ወር በኋላ የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ መደንዘዝ ጀመሩ። ሐኪሜ በመዳፍ ዳር የሚያልፈው አልናር የተባለው ነርቭ እየተጫነ እንደሆነ ነገረኝና «ሥራህ ምንድን ነው?» አለኝ። «አውቶቡስ ነጂ።» «ታዲያ መሪ አጥብቀህ ነው የምትይዘው?» የአውቶቡስ መሪ እኮ ወደ ሰው ነው የሚመጣው! ሰፊ ነው፣ እቅፍህ ውስጥ ነው። የሱዙኪዋን ሳልናገር ወጣሁ። አፈርኩ።

ከዚያ በኋላ አቀማመጤን ለማስተካከል በ11 ወር ውስጥ 785 ዩሮ አወጣሁ። ከዚህ ውስጥ ትልቁ ገንዘብ ዋጋውን አግኝቷል፤ ትንሹ ደግሞ ተቃጥሏል። ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ምንም ያልከፈልኩበት ነው፤ እሱን አስቀድማለሁ።

እዚህ ከተማ ከእኛ ብዙ ቀድመው የመጡ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው አሉ። ቢኤምደብሊው ቦክሰር የሚሉትን ሞተር ሳይክል ይነዳሉ፤ ክረምት ከበጋ አይሉም። መሪ ልቀይር ነው ስላቸው ሳቁ። «ገንዘብህን ኪስህ አቆየው ልጄ። መጀመሪያ ሆድህንና ጭንህን ሥራ አስይዛቸው» አሉኝ። ሞተሯ ላይ አስቀመጡኝና ከኋላዬ ቆመው ክንዴን በጣታቸው መታ መታ አደረጉት። እንደ ብረት ቆሟል። «ይኸውልህ! መሪውን ይዘህ አይደለም፤ ተደግፈህበት ነው» አሉ። ታንኩን በጉልበት ቆንጠጥ፣ ሆድን ጠበቅ፣ ክርንን ዘና፤ ይኸው ነው ትምህርቱ። ከዚያ የፍሬኑንና የፍሪሲዮኑን እጄታ አዩ። ሁለቱም ወደ ላይ ቀንተው ነው የታሰሩት፤ ስለዚህ ጣቴን ባነሳሁ ቁጥር አንጓዬ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ቡሎናቸውን ላላ አድርገን፣ ክንዴ በሚወርድበት መስመር ልክ ወደ ታች አዞርናቸውና መልሰን አጠበቅን። አሥር ደቂቃም አልፈጀ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ሕመሙ ቢያንስ በሲሶ ቀነሰ። ስለዚህ ስፖርት ሞተር ኖሮህ እጅህን የሚያምህ ከሆንክ፣ የቀረውን ከማንበብህ በፊት ሂድና የእጄታህን አቅጣጫ እይ። እውነቴን ነው። ብዙ ሰው 400 ዩሮ ከከፈለ በኋላ ነው ይህን የሚያውቀው።

ግን ሲሶ ሲሶ ነው። የመሪው ከፍታ ያው ነው፤ ሆድም ቢሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደክማል፣ በተለይ የእኔ ዓይነቱ ሆድ። የጣቴ መደንዘዝ አልተወኝም። መሪው መነሳት ነበረበት።

መሪ ለማንሳት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ያለውን ዓይነት፣ ማለትም ለሁለት የተከፈለውን መሪ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ በተሠራ ሌላ መተካት ነው። ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ታተርፋለህ፤ አብዛኛውን ጊዜም ገመዶቹን ሳትነካ ያልቃል። ሁለተኛው ጀርመኖቹ «ሱፐርባይክ ሌንከር» የሚሉት ነው። የፊቱን ሁለት ዘንጎች ከላይ የሚያያይዘው ወፍራም ሳህን ይወጣል፤ በምትኩ ቧንቧ መሪ መያዣ ያለው ሌላ ሳህን ይገባል፤ እሱ ላይ እንደ ድሮው አንድ ወጥ ሰፊ መሪ ይታሰራል። ጀርመን አገር ይህ ሥራ የቆየ ባህል አለው፤ ኤልኤስኤልና ኤቢኤም የመሳሰሉት አምራቾች ለብዙ ዓይነት ስፖርት ሞተር ሳይክል ሙሉ ዕቃውን በአንድ ካርቶን አዘጋጅተው ይሸጣሉ።

እኔ የኤልኤስኤልን ወሰድኩ፣ በ380 ዩሮ። ካርቶኑ ውስጥ ሳህኑ፣ የአሉሚኒየም መሪው፣ መያዣዎቹ፣ ረዘም ያለ ብረት የለበሰ የፊት ፍሬን ቱቦና ወረቀቱ አሉ። «ወረቀቱ» ስል በዋዛ እንዳታዩት፤ ዕቃውን ዕቃ የሚያደርገው እሱ ነው። ጀርመን አገር መሪ ቀይረህ ወረቀት ከሌለህ፣ ተሽከርካሪው መንገድ ላይ የመውጣት ፈቃዱን ያጣል። ኢትዮጵያ ቦሎ ሳይኖርህ እንደመንዳት ነው ልላችሁ ነበር፤ ግን ከዚያ ይከፋል፤ አደጋ ቢደርስ ከኢንሹራንስም ጋር ያጣላል። ወረቀቱ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። አቤኤ የሚባለው ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይዘኸው መዞር ብቻ ይበቃሃል። ታይለጉታኽተን የሚባለው ከሆነ ደግሞ ዕቃው ከተገጠመ በኋላ ቲዩፍ ወይም ዴክራን የመሰለ መርማሪ ዘንድ ሄደህ አስመርምረህ ማስመዝገብ አለብህ። የእኔ ሁለተኛው ነበር። ዕቃውን ከማዘዜ በፊት ምርመራ ጣቢያው ደውዬ ጠይቄአለሁ፤ ስልክ ያነሳው ሰውዬ «ከመግዛትህ በፊት የደወልክ የሳምንቱ የመጀመሪያ ሰው ነህ» አለኝ። ቀኑ ሐሙስ ነው።

ሳህኑን ራሴ ለመፍታት ድፍረቱ ነበረኝ፤ ቦታው ግን አልነበረኝም። የፊቱ ጎማ ከመሬት መነሳት አለበት፣ ትልቁን ዳዶ በልኩ ለማጥበቅ ቶርክ ሬንች ያስፈልጋል፣ የፍሬኑ ቱቦ ሲቀየር ዘይቱ ተሞልቶ አየሩ መውጣት አለበት። የምኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ ምድር ቤቱ ውስጥ ከጎረቤት ብስክሌት ሌላ የሚገባ ነገር የለም። ስለዚህ አንድ ጋራዥ ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም፤ ሰዎቹ ክፉ ሆነው ሳይሆን ችኩል ሆነው ነው። 190 ዩሮ ከፍዬ ከሰዓት በኋላ ወሰድኳት።

ከግቢው ሳልወጣ ላዙራት ብዬ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ ሳጥፍ፣ ሞተሯ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ጋዙን አልነካሁም። ቀጥ ሳደርገው ዝቅ አለች። እንደገና ወደ ቀኝ፤ እንደገና ጮኸች። አውቶቡስ ነጂ የማሽን ድምፅ ሲለወጥ ፀጉሩ ይቆማል። ነገሩ ምን መሰላችሁ፦ መሪው ከፍ ሲልና ሲሰፋ የጋዙ ካቦ የሚሄድበት መንገድ ይረዝማል። ካቦው በድሮው መስመር ከቀረ፣ መሪው ሲታጠፍ ይወጠርና አንተ ሳትነካው ጋዝ ይሰጣል። እስቲ አስቡት፤ በጠባብ መንገድ ቀስ ብለህ ስትታጠፍ ሞተሯ ራሷ ልሂድ ስትል። የፍሪሲዮኑም ካቦ ያው ነበር፤ ወደ አንዱ ጎን ሲታጠፍ እጄታው ጠንክሮ ይቀራል። ተመልሼ ገባሁና ለወጣቱ መካኒክ አሳየሁት። «ይለመዳል» አለኝ። የሚለመደው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ ካቦው?

ዋናው መካኒክ መጥቶ ሲያይ ግን አንድ ቃል አልመለሰም፤ ታንኩን አነሳ። የጋዙን ካቦዎች በሌላ መስመር አሳለፋቸው፤ በቃቸው። ለፍሪሲዮኑ ግን ሌላ ካቦ ግድ ሆነ። ለሽፋን አልባዋ እህቷ የተሠራውን፣ ከፍ ላለ መሪ የሚበቃውን፣ በ20 ዩሮ አዝዘን በሦስተኛው ቀን ገባ። እግረ መንገዳችንን ሌላም ነገር ተገኘ፤ መሪው ሙሉ ለሙሉ ሲታጠፍ የፍሬን ዘይቱ ማጠራቀሚያ ከፊት መስታወቱ ጋር ይነካካል። ማጠራቀሚያውን ትንሽ ወደ ውስጥ አዞረው፣ መሪውንም ጥቂት ዲግሪ ወደ እኔ አጋደለው፤ አንድ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ተገኘ። ሽፋን ያላት ሞተር ካላችሁ ይህን ሳታዩ ዕቃ አትረከቡ፦ ሞተሯ በርታ፣ ቆማ፣ መሪው ከጫፍ እስከ ጫፍ ይታጠፍ። ድምፅዋ መለወጥ የለበትም፣ ምንም ነገር መነካካት የለበትም፣ የፍሬኑ ቱቦም መወጠር የለበትም።

መርማሪው ያደረገውም ይህንኑ ነው። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስቶ መሪውን ግራ ቀኝ አዞረ፣ ሳህኑ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር አመሳከረ፣ ቱቦውን በባትሪ አየ። 80 ዩሮ፣ ግማሽ ሰዓት። መጨረሻ ላይ ማህተሙን መትቶ «አሁን ሰው የሚነዳት ሆነች» አለ። ጀርመን ሲቀልድ ፊቱ ስለማይለወጥ ለመሳቅ ዘገየሁ።

አሁን ወደ ራሱ ወደ ነገሩ ልምጣ። በሜትር ለካሁት፤ የእጅ መያዣው 7 ሴንቲሜትር ከፍ ብሏል፣ 4 ሴንቲሜትር ወደ እኔ መጥቷል። ሲነገር ትንሽ ነው፤ ከስኒ ቁመት ያን ያህል አይበልጥም። ሰውነት ግን በሴንቲሜትር አይደለም የሚቆጥረው። በመጀመሪያው ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ክርኔ የታጠፈ መሆኑን አየሁ። ከዚህ በፊት ታጥፎ አያውቅም። ጭንቅላቴን ሳላቀና ሩቅ አያለሁ፤ ከኋላዬ የሚመጣውን ለማየት ትከሻዬ ላይ ስዞር አንገቴ አይጮህም። በአምስት ሳምንት ውስጥ የትንሿ ጣቴ ድንዛዜ ጠፋ። ሐኪሜ ዘንድ ተመልሼ «ዳንኩ» ስለው ምን እንዳደረግሁ ጠየቀኝ። ያን ጊዜ ነው የሱዙኪዋን የነገርኩት።

ለፈተና እሁድ ማለዳ ወደ ግሮሰር ፌልድበርግ ተራራ ወጣሁ። ከኦበርኡርዝል ተነስቶ በሳንድፕላክን በኩል የሚያልፈው ካኖነንሽትራሰ የሚሉት መንገድ ጫካ ለጫካ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። ተራራው 880 ሜትር ገደማ ነው፤ የደብረ ብርሃን ልጅ ተራራ ብሎ የሚጠራው አይደለም፣ ግን ከፍራንክፈርት አጠገብ ላለው ለታውኑስ ተራራማ አገር ትልቁ እሱ ነው። ሰፊው መሪ ትርጉሙ የገባኝ እዚያ ነው። ድሮ ሞተሯን ወደ ጥምዝ ለማስገባት ገፋ ማድረግ ነበረብኝ፤ አሁን ሐሳቤን ቀድማ የምትዞር መሰለችኝ። እጅ ለእጅ ሲራራቅ ጉልበቱ ይጨምራል፤ በረጅም እንጨት ድንጋይ እንደመፈንቀል ነው። ጠባቡ መታጠፊያ ላይ ደስታዬን ልደብቀው አልቻልኩም፤ ሄልሜቴ ውስጥ ዘፈንኩ።

ያጣሁትም አለ፤ ይህን ሻጩ አይነግራችሁም። ድሮ ደረቴ የፊቱ ጎማ ላይ ስለነበር ጎማው የሚያልፍበትን ጠጠር ሁሉ በመዳፌ አነብ ነበር። አሁን ወሬው እየቀነሰ ነው የሚደርሰኝ። አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ነገሩ ተገላብጧል። በአ5 ላይ 130 ስነዳ ነፋሱ ደረቴን ወደ ኋላ ይገፋል፤ እኔ ሳላውቅ መሪውን እጎትታለሁ፤ ሞተሯም ትንሽ ትወዛወዛለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ሰፊ መሪ ላይ የተንጠለጠለ ሰው እንደ ሸራ ነው፣ ነፋሱ የገፋውን ሁሉ ወደ መሪው ያስተላልፋል። ታንኩን በጭን ቆንጥጦ እጅን ሲያላሉ ይረጋል። ሆኖም ሥራህ ረጅም አውራ ጎዳና ከሆነ፣ ወይም ሞተርህን ውድድር ሜዳ የምታወጣት ከሆነ፣ ይህን መሪ አልመክርህም። የከተማ ሰውና የተራራ መንገድ ሰው ይግዛው።

መርገጫው ሌላ ታሪክ ነው፤ እዚህ ላይ ገንዘብ አቃጥያለሁ።

ልጄ ከጎን ፎቶ አነሳችኝ፤ በትምህርት ቤት ፕሮትራክተሯ የጉልበቴን መታጠፊያ ለካችው፤ 71 ዲግሪ። ለአንድ ሰዓት እንደዚያ አጥፈኸው የቆየ ጉልበት፣ ኳስ ሜዳ ላይ የተጎዳ ባይሆንም ያማል። መጀመሪያ ያደረግሁት ስንፍና ነው። ኢንተርኔት ላይ ከመርገጫው ሥር ገብቶ ዝቅ የሚያደርግ አሉሚኒየም ማያያዣ በ45 ዩሮ አዘዝኩ። ወረቀት የለው፣ የአምራች ስም የለው፣ ቀለሙ ግን ወርቅ! በሁለተኛው ሳምንት ቀኝ እግሬ ሥር ላላ አለ። በሦስተኛው ሳምንት መብራት ላይ ልቆም ስል መርገጫው በእግሬ ሥር ዞረ፤ እግሬ ሸርተት ብሎ አስፋልቱን ነካ። በአምስት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ነበርኩ፤ ሃምሳ ላይ ብሆንስ? ፈትቼ ጣልኩት። ሰው ቆሞ የሚሸከምበትን ነገር በርካሽ መግዛት ሞኝነት ነው፤ ሞኝነቱም የእኔው ነው።

ጋሼ ናቸው እንደገና ያወጡኝ። «እህቷስ?» አሉ። ሽፋን አልባዋ ኤስቪ መርገጫዋ ዝቅና ፊት ያለ ነው። የሁለቱም ፍሬም አንድ ቤተሰብ ስለሆነ፣ ከተፈታች ሞተር ላይ የሁለቱን ጎን መርገጫ ከነመያዣው በ70 ዩሮ ገዛሁ። ሱዙኪ ራሱ የሠራው ብረት፣ ሱዙኪ ራሱ ባዘጋጀው ቀዳዳ። ለማንኛውም ብዬ ይህንንም መርማሪው ዘንድ ስልክ ደውዬ ጠየቅሁ፤ መሪውን ያየው ቀን አብሮ አየው።

ገጠማውን ራሴ ሠራሁት፣ የወዳጄ ጋራዥ ውስጥ። ቡሎኖቹን መፍታት ቀላል ነው፤ ሥራ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። መርገጫው ሲወርድ የማርሽ መቀየሪያው ድሮ ቦታው ላይ ይቀራል፤ የጫማህ ጫፍ አይደርስለትም ወይም ከሥሩ አይገባም። መቀየሪያውን ከማርሹ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ዘንግ በሁለት ዳዶ ይረዝማል፣ ያጥራል። ተጠንቀቁ፤ አንደኛው ዳዶ በተቃራኒ ነው የሚፈታው። እኔ ይህን የተማርኩት ላቤ ጠብ ካለ በኋላ ነው። በቀኝ በኩል ደግሞ የፍሬኑ ፔዳል ቁመት ይስተካከላል፤ ፔዳሉን ስትነካ የኋላ ፍሬን መብራት የሚያበራው ትንሹ ማብሪያም አብሮ መስተካከል አለበት። ረስቼው የመጀመሪያውን ምሽት ሙሉ የፍሬን መብራቴ በርቶ ነው የነዳሁት። ከኋላዬ የነበረው ሰውዬ ምን እንዳሰበኝ እግዚአብሔር ይወቅ።

ውጤቱ? ሁለት ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ወረደ፣ ትንሽም ወደ ፊት መጣ። ልጄ እንደገና ለካች፤ 76 ዲግሪ። አምስት ዲግሪ ብቻ። ጉልበቴ አሁንም ያመኛል፣ ግን ድሮ በ40 ደቂቃ የሚጀምረው አሁን ከአንድ ሰዓት ከሩብ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቡና የሚጠጣበት ሰዓት ነው። መርገጫ ሲወርድ በጥምዝ መንገድ ላይ ቶሎ አስፋልት ይነካል ይላሉ። እውነት ነው፤ እኔ ግን ያን ያህል አጋድዬ ስለማልነዳ እስካሁን አልደረሰብኝም። የሚያጋድል ሰው ያስብበት።

አስተያየትህን ጠቅለል አድርግ ብባል፣ መሪውን ነገ ብትወድቅና ቢሰበር መልሼ እገዛዋለሁ። መርገጫውን በ70 ዩሮ አዎ፤ ከዚያ በላይ ቢሆን አልነካውም ነበር። መቀመጫዋን ገና አልነካሁም፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ ድንጋይ ትሆናለች፣ ግን ሁለት ሰዓት የምነዳው በዓመት ስንቴ ነው?

የድሮዎቹን ሁለት ግማሽ መሪዎች በጋዜጣ ጠቅልዬ ምድር ቤት አስቀምጫለሁ፤ አንድ ቀን ስሸጣት የሚገዛት ወጣት ይፈልጋቸው ይሆናል። ባለቤቴ ባለፈው ቅዳሜ መጀመሪያ ጊዜዋ ከኋላ ተቀምጣ እስከ ኮኒግሽታይን ሄድን። ስንደርስ ሄልሜቷን ሳታወልቅ ነው የተናገረችው፦ «አንተ ሰውዬ፣ ለአንተ ወገብ 785 ዩሮ ወጣ። የእኔ ጉልበት እኮ አገጬን ሊነካ ነው።» እውነቷን ነው፤ የኋላውን መርገጫ ማንም አላሰበበትም። ማታ ልጄ ፕሮትራክተሯን አመጣች። 58 ዲግሪ።